አጎቴ ከአሶሳ ደወለ፦ የወርቅ ማዕድን ሊከፈት ነው፣ ስብሰባው ላይ ምን ብለን እንጠይቅ?

ሐረጎ_ኩርባ
ሰላም የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች። ነገሩ ከእኛ ሰፈር ራቅ ይላል፣ መልሱ ግን እዚህ ያለ ይመስለኛል።

አጎቴ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ የሄደ ነው። መንደራቸው እስካሁን የሚጠራው በቁጥር ነው። እዚያው ቀረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ማንጎ ተከለ። ትናንት ማታ ደወለልኝ። ከመንደሩ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ የወርቅ ማዕድን ሊከፈት ታስቧል። ፍለጋው ከተጀመረ ቆይቷል። አሁን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው (ማዕድኑ ውሃውን፣ መሬቱንና ሰውን ምን ያደርጋል የሚለው ጥናት) አልቆ "ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት" ተብሏል። ስብሰባው የፊታችን ሐሙስ ነው።

ሰነዱን ቀበሌ ሄዶ አይቶታል። ከ400 ገጽ በላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛው ስድስት ገጽ ነው። ስድስቱን ገጽ የልጅ ልጁ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አነበብኩት። "ተጽዕኖው አነስተኛ ነው"፣ "በአግባቡ ይያዛል"፣ "ክትትል ይደረጋል"። በቃ። ስንት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ እንኳ አይልም።

"አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ብለን እንጠይቅ?" አለኝ። እኔ የተማርኩት ሞተር ማውረድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ሲገባ እንዲህ ያለ ስብሰባ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምን ጠየቃችሁ? ምን ሳትጠይቁ ቀራችሁ?

ፒያሳ_ቁጭ
ወርቅ ከተገኘማ ምን ጥያቄ አለው? "ዘመድ ስንት ይዤ ልምጣ?" ብሎ ይጠይቅ ሃሃሃ

የቦርከና_ዳር
ሐረጎ ወንድሜ፣ እኔ ተቀምጫለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ ዛሬም እየሠራ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሚሪንዳ ነበር፣ ኬክ ነበር። በር ላይ አንድ ወረቀት ይዞራል፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። ሁላችንም ፈረምን። ስብሰባ የመጣ ሰው ይፈርማል፣ ምን አለበት?

ከዓመታት በኋላ ሽታው ሲመርረን አቤት ልንል ሄድን። አንዱ ሠራተኛ ፋይል አውጥቶ አሳየን። "ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል" ይላል። ከጀርባው የተያያዘችው ያቺው የፊርማ ወረቀት ናት። የእናቴ የጣት አሻራ ሳይቀር አለበት። እናቴ ያን ቀን ጎረቤት ስለጠራቻት ነው የሄደችው፣ አላህ ይዘንላት።

አጎትህን እንዲህ በልልኝ። ከመፈረሙ በፊት የወረቀቱን አናት ይይ። ምንም ካልተጻፈበት እሱ ራሱ ይጻፍበት። ባዶ አናት ያለው ወረቀት ላይ ማንም እንዳይፈርም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ወንዙ ነው። ልጅ ሆነን ቦርከና ላይ ልብስ እናጥብ ነበር፣ እንዋኝ ነበር። አሁን ከብት ጠጥቶ ታመመ ስንል የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፦ "ድሮስ ንጹሕ እንደነበረ በምን ታውቃላችሁ?" ወላሂ መልስ የለንም። ማን ለክቶት ያውቃል? የእኛ ማስረጃ ትዝታ ነው። ወሎ ትዝታ ሞልቶታል፣ ቢሮ ግን አያስገባም።

ፒያሳ_ቁጭ
ቦርከና እኮ ከደሴ ሲነሳ ንጹሕ ነው፣ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ

የቦርከና_ዳር
አንተ ዝም በል። ደሴ የጣለችው ፌስታል በሙሉ ክረምት ሲመጣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እኛ ደጃፍ ነው የሚያድረው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨምረንበት ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ እንልከዋለን። ጨፋ ላይ ስንት ከብት እንደሚጠጣው ታውቃለህ? አየህ፣ ይሄም አንድ ጥያቄ ነው። በእኛ ስብሰባ የጨፋ ሰው አልተጠራም። ሐረጎ፣ ከማዕድኑ በታች ወንዙን የሚጠጡት መንደሮች ሐሙስ ተጠርተው እንደሆነ አጎትህ ይጠይቅ።

ጦሳ_ሥር
እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ ስጋት ብቻ። ሰው ሥራ ይፈልጋል። እኔ ዲግሪ ይዤ አራት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የወጪ ንግዱ አንደኛ ሆኗል። ይሄ ዶላር ነው መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛው። ደግሞ እዚያ አካባቢ ሰው ወርቅ የሚያወጣው ዛሬ አይደለም። በባህላዊ መንገድ በሜርኩሪ እያነጠሩ ጭሱን ይምጉታል። ያ ሲሆን ማንም ስብሰባ አልጠራም። ኩባንያ ሲመጣ ነው ሁሉም የአካባቢ ባለሙያ የሚሆነው።

ነጭ_ጋውን
ጦሳ ሥር፣ ስለ ሜርኩሪው ልክ ነህ። ኩባንያው ገባም አልገባም መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው።

የውሃ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ትንሽ ላስረዝምባችሁ። ትልልቅ ማዕድን ማውጫዎች ቅንጣት አይለቅሙም። በብዙ ቦታ አንድ ቶን ድንጋይ የሚይዘው አንድ ሁለት ግራም ወርቅ ነው። አምስት ግራም ለምትመዝን ቀለበት ግማሽ ኢሱዙ ድንጋይ ይፈጫል በሉት። ከላዩ ተገፍፎ የሚጣለው ባዶ ድንጋይ ሳይቆጠር ነው። የተፈጨው ዱቄት ሳያናይድ የሚባል መርዝ ባለበት ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሳያናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል። ወርቁ በአውሮፕላን ይሄዳል። ዝቃጩ ግድብ ተሠርቶለት እዚያው ይተኛል። ማዕድኑ አልቆ ካምፑ ሲነቀልም ግድቡ አይነቀልም።

ስብሰባው ላይ "ሳያናይድ በፀሐይና በአየር እየተበተነ ይጠፋል" ይሏችኋል። በአብዛኛው እውነት ነው። ተጨብጭቦ እንዳይታለፍ ግን። ድንጋዩ ሰልፋይድ (ድኝ ያለው ማዕድን) ካለበት፣ ተፈልፍሎ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ይሠራል። አሲዱ መርዛማውን አርሴኒክም ሌላውንም ብረት እየፈታ ወደ ውሃ ያወርደዋል። አንዴ ከጀመረ ለአሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን የምጠይቀው "ድንጋዩ አሲድ ይሠራል ወይ? በስንት ናሙና ፈተናችሁት? ሰነዱ ላይ ስንተኛ ገጽ ነው?" ብዬ ነው። "ስንተኛ ገጽ" የምትለዋን አትርሷት። "ተጠንቷል" ለሚል መልስ መድኃኒቱ እሷ ናት።

ቀጥሎ ዝናቡ። አሶሳ ክረምቱ ረጅም ነው። ሩማኒያ ውስጥ ባያ ማሬ የሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000፣ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ተደራርቦ የወርቅ ዝቃጭ ግድብ ሞላና ተናደ። ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገባ። ድንበር ተሻግሮ ሃንጋሪ ደረሰ፣ ቲሳ ወንዝ ላይ የዓሣው ሬሳ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ዳኑብ ገባ። ግድቡ ሥራ ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ስለዚህ "ግድቡ የስንት ዓመት ዝናብ እንዲችል ነው የታሰበው? ቢናድ ውሃው በስንት ሰዓት የማን ቤት ይደርሳል?"

ከሁሉም በላይ ግን የቦርከና ዳር ያለችው ነው። ማዕድኑ ሳይገባ ውሃው ይለካ። ከላይ፣ ከታች፣ የሚጠጡት ጉድጓድም ጭምር። በበጋም በክረምትም። ግምገማው ውስጥ የመነሻ ልኬት አይጠፋም፣ ግን አንዳንዱ አንድ ቀን በመኪና ተሂዶ የተቀዳ ነው። የተቀዳበትን ቀን ጠይቁ።

ሐረጎ_ኩርባ
እግዚአብሔር ይስጥህ። ለአጎቴ አነበብኩለት። ስለ ቀለበቱ ሲሰማ "እንዲህ ከሆነማ ሚስቴ ጆሮ ላይ ተራራ ተንጠልጥሏል" አለኝ።

የጡረታ_ጠበቃ
ልጆቼ፣ ሕጉም አለላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ፣ ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ላይ ሙሉ በሙሉ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። በ1995 የወጣው የተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንቀጽ 15 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ግዴታ ያስቀምጣል። ሪፖርቱን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፣ አስተያየት ይቀበላል፣ በተለይ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ ያለው ነገር በሪፖርቱም በግምገማውም መካተቱን ያረጋግጣል።

"መካተት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በአፍ የተባለ ነገር ወንበሩ ሲሰበሰብ አብሮ ይሰበሰባል። ጻፉት። ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱበት። እኔ በሥራ ዘመኔ እውነት ይዘው ቁጥር በማጣት የተረቱ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

ፍጠኑ ደግሞ። አዋጁ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱን ገምግሞ እንዲወስን የሰጠው 15 የሥራ ቀን ነው። 400 ገጽ በ15 ቀን። "ቆይ እስኪ ተሰባስበን" ካላችሁ አለፈ። ማን እንደሚገመግመውም ጠይቁ። አንድ ወቅት የግምገማው ሥልጣን ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ፣ የማዕድንን ፕሮጀክት ማዕድን ሚኒስቴር ራሱ የሚገመግምበት ጊዜ ነበር። ሙሽራው ሽማግሌም ሆኖ እንደመላክ ነው።

ስለ መሬቱም ልናገር። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161፣ ከገጠር መሬቱ በቋሚነት ለሚነሳና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው የልማት ተነሺ ካሳውን የሚያሰላው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛውን በ15 አባዝቶ ነው። ገቢው በምን ይታወቃል? በወረቀት። አጎትህ ማንጎውን ለማን፣ መቼ፣ በስንት እንደሸጠ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ሐረጎ_ኩርባ
ጋሼ፣ ያሉትን ነገርኩት። "ደብተሩ ያለው ደላላው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚጽፈው የራሱን ነው" አለኝ። የልጅ ልጁ አሁን ጀምሯል።

ጦሳ_ሥር
እሺ ይሄ ሁሉ ይጠየቅ። ግን መጨረሻው "ማዕድኑ ይቅር" ከሆነ ለወጣቱ ምን ትሰጡታላችሁ?

የጡረታ_ጠበቃ
ልጄ፣ ይቅር ያለ የለም። ይቅር ያለም ቢኖር መብቱ ነው። አርጀንቲና ውስጥ ኤስኬል የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ወርቅ ማዕድን ድምፅ ሰጥታ 81 በመቶው አይሆንም አለ። የአሶሳዎቹ ምን እንደሚሉ እኔም አንተም ደሴ ተቀምጠን አንወስንም። ሥራ ካልክ ግን እሱኑ ጠይቁበት። ግንባታው ሲያልቅ ስንት ሰው ይቀራል? ከመንደሩ ስንት? የጥበቃ ሥራ ነው ወይስ ሙያ የሚለመድበት?

የለገደምቢን የወርቅ ማዕድንም አስታውስ። ጉጂ ላይ ሕዝቡ ስለ ጤናው ለዓመታት ሲጮኽ ቆይቶ፣ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ታደሰ ሲባል ተቃውሞው ገንፍሎ ግንቦት 2010 ላይ ማዕድኑ ታገደ። ሥራውም ቆመ። እንደገና እስኪጀመር ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ላይ ያልተሰማ ነገር መሐል ላይ ለሠራተኛውም ለባለሀብቱም ይብሳል።

ጦሳ_ሥር
ይቺ ገባችኝ። ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ሲገኝ እኔም ሄጄ ነበር። ገደል ላይ ዋሻ ቆፍረን ነው የምንገባው። ድንጋዩ ወጣ፣ ተሸጠ፣ ዋጋውን የሚያውቀው ገዢው ብቻ ነበር። አንድ ጓደኛችን አፈር ተጭኖት ቀረ። ስለዚህ ሥራ ስል ያንን ማለቴ አይደለም።

የቦርከና_ዳር
አብሽር ወንድሜ።

አሶሳ_አስተምሬ_ነበር
ክሩን ዘግይቼ አየሁት። እዚያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ደሴ ነኝ። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ስለ ሰፋሪው እያወራችሁ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበሩትስ? የበርታ ሴቶች በበጋ ወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባሉ። የደብተር፣ የጨው፣ የሳሙና ገንዘብ ከእሱ ነው። ወርቁ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲሱ ነገር አጥሩ ነው። ስድስቱ ገጽ ላይ ስለ እነሱ አንድ መስመር አለ?

ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ ፈርመው ይመለሳሉ እንጂ አይሰሙትም። በርትኛ የሚያስተረጉም ሰው ይኑር፣ እሱም የኩባንያው ሠራተኛ አይሁን። ሐሙስ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ሴቶቹን አታገኟቸውም።

ሐረጎ_ኩርባ
አየሁት፣ የለም። "ባህላዊ አምራቾች" የሚል ቃል አንዴ አለ፣ "ሕገ ወጥ" ከሚል ጋር ተያይዞ። አጎቴ ለጎረቤቱ ለበርታው ሽማግሌ ሊነግረው አሁኑኑ ወጥቷል።

ፒያሳ_ቁጭ
እኔ ልቀልድ ነበር የገባሁት፣ አሁን ሐሙስ እንዴት ይደርሳል እያልኩ ነው

ሐረጎ_ኩርባ
በመጨረሻ ስብሰባው ተደረገ። አጎቴ ሲያወራ ሁለት ጊዜ ካርድ ሞልቻለሁ፣ ያሳጠርኩት ይሄ ነው።

ወረቀቱ ልክ እንደተባለው አናቱ ባዶ ሆኖ መጣ። አጎቴ ተቀብሎ "የመገኘት ፊርማ ነው፣ የድጋፍ አይደለም" ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈበት። ያዞረው ልጅ ተናዶ ሌላ ባዶ ወረቀት አመጣ። የፊተኛው ወንበር ላይ የነበሩት አንፈርምም አሉ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ተመልሳ መጣች።

ሽማግሌው በበርትኛ እየተረጎሙ ስብሰባው ግማሽ ቀን ፈጀ። የኩባንያው ሰዎች ቸኩለው ነበር። ጥናቱን ከሠሩት አንዱ ወጣት ባለሙያ ነው፣ አጎቴ ወዶታል። "ውሃው መቼ ተቀዳ? ስንተኛ ገጽ?" ሲባል ረጅም ሰዓት ገጽ ሲገልጥ ቆየና "የካቲት ላይ፣ አንድ ጊዜ። ክረምት ላይ አልተቀዳም" አለ። እንዳይደብቅ ነው የተናገረው። አለቃው ግን በዓይኑ ገረፈው። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፣ አጎቴ ቆሞ አስነብቦታል። የአሲዱንና የግድቡን ዝናብ "በጽሑፍ እንመልሳለን" ብለዋል።

ከዚያ አንዲት የበርታ እናት ተነስታ ካርታው ይዘርጋልኝ አለች። "አጥሩ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?" ብቻ ነው የጠየቀችው። ካርታው ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። ወንዙ አጥሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አጎቴም መናገር አልቻለም፣ አዳራሹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው ያወራው።

የጽሑፉን ሁለት ኮፒ ይዘው መዝገብ ቤት ሄዱ። ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ሥልጠና ሄዳለች፣ ሰኞ ኑ ተብለዋል።

የጡረታ_ጠበቃ
ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲከፈት በር ላይ ይገኙ። ልጅቷ ካልመጣች በሪኮማንዴ ፖስታ ቤት ይላኩት፣ የፖስታው ደረሰኝ ቀን አለው። እና ምናልባት ነገ ተነገ ወዲያ ብክለት ቢመጣ፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጁን ቁጥር 300ን ያስታውሱ። ማንም ሰው "እኔን በግሌ ጎድቶኛል" ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወጣቱን ባለሙያ ደግሞ ሰላም በሉልኝ።

ሐረጎ_ኩርባ
እነግረዋለሁ ጋሼ። አንድ ነገር ረሳሁ። አጎቴ ከወንዙ ሦስት ሃይላንድ ውሃ ቀድቶ፣ ክዳኑን በሻማ አሽጎ፣ ቀን ጽፎበት አልጋው ሥር አስቀምጧል። "ያቺ የኮምቦልቻዋ ልጅ ትዝታ ቢሮ አያስገባም ብላለች፣ እስኪ ይሄ ይግባ" ነው ያለኝ።

የቦርከና_ዳር
አስለቀስከኝ።

ነጭ_ጋውን
እኔም ልቤን ነክቶኛል፣ ግን ልዋሽ አልችልም። ያ ውሃ ማስረጃ አይሆንም። ለብረት ምርመራ ጠርሙሱ በአሲድ የታጠበ መሆን አለበት፣ ናሙናው ላይም ጥቂት አሲድ ይጨመራል። ለሌላው ምርመራ በበረዶ ሳጥን ተይዞ በፍጥነት ላብራቶሪ ይገባል። ማን ቀዳው፣ ማን ተረከበ የሚል ወረቀትም አብሮ ይሄዳል። አይድፋው ግን፣ ይቀመጥ። ጠርሙሶቹንና አቀዳዱን የሚያሳይ ቪዲዮ ከእኔ። የጎደለን ሳጥን ነው።

የቦርከና_ዳር
ሰፈራችን ያለ አንድ ሹፌር በወር አንዴ አሶሳ ይጭናል። ጠርሙሱን አድርሶ ውሃውን ይዞ ይመለሳል፣ አናግሬዋለሁ።

ፒያሳ_ቁጭ
ሳጥኑን እኔ አመጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ላይ ዓሣ ይሸጣል፣ ትልቅ አለው። ግን በጣም ይሸታል፣ በበረኪና ልጠበው?

ነጭ_ጋውን
በረኪና እንዳታስነካው!! ጠርሙሱ ታሽጎ ነው የሚገባው፣ ይሽተት።